ለሪሞታችን የተጻፈ ግልጽ ደብዳቤ

ለ፦ ሳሎን፣ ሶፋው ጫፍ ላይ ለሚገኘው የቴሌቪዥን ሪሞት
ቱሉ ዲምቱ ኮንዶሚኒየም

ጉዳዩ፦ በአስፈላጊ ሰዓት ከሥራ ገበታ መቅረትን ይመለከታል

እንደምን ሰንብተሃል? እኛ በአንተ ምክንያት ደኅና አይደለንም።

ስትገዛ ለብሰኸው የመጣኸውን ላስቲክ እስከ ዛሬ አላወለቅንልህም። ልጆቻችን እንኳ እንዲህ ተጠቅልለው አላደጉም። የጀርባህ ክዳን ከጠፋ ወዲህ ድንጋይህን በነጭ ፕላስተር አስረንልሃል። ሲደክምህ ድንጋዩን ፀሐይ ላይ አስጥተንልሃል፤ በጥርሳችን ነክሰንልሃል። ባለፈው ሐሙስ ደግሞ ከሱቅ አዲስ ገዝቼልህ ነበር። ዜና ሲሆን ትታዘዛለህ። እሑድ ጠዋት ለመዝሙር ስትፈለግ ገና ሳትነካ የምትሠራ ይመስላል። ቅዳሜ ማታ፣ ከምሽቱ ሦስት ሰዓት በኋላ፣ በፊልሙ ውስጥ ያለችው ሴት የመኝታ ቤቱን በር በጀርባዋ ገፋ አድርጋ የዘጋች እንደሆነ ግን አንተ ትሞታለህ።

ያለፈውን ቅዳሜ ላስታውስህ። ልጆቹ ተኝተዋል። ባለቤቴ ቶናውን እየቀዳች ነው። እማማ፣ የባለቤቴ እናት፣ እንደ ወትሮው ከአንተ ጎን ተቀምጠዋል። የሴትየዋ የቀሚስ ማንገቻ ከአንድ ትከሻዋ ወረደ። እማማ «በስመ አብ!» ብለው ነጠላቸውን ፊታቸው ላይ ጣሉ። ባለቤቴ ረከቦቱ ላይ አቀርቅራ ስኒ መቁጠር ጀመረች። ስድስት ናቸው፤ ሁልጊዜም ስድስት ነበሩ። እማማ ከነጠላቸው ሥር እጃቸውን ዘርግተው «እንካ ልጄ፣ ዝጋው» ብለው አቀበሉኝ። ተጫንኩህ፤ ምንም። ክንዴን ዘርግቼ እንደ ሽጉጥ ደገንኩህ፤ ምንም። መዳፌ ላይ መታሁህ። ሁለተኛው ማንገቻ ወረደ። ተነሥቼ ገላዬን መጋረጃ አድርጌ ቴሌቪዥኑ ፊት ቆምኩና ከኋላው ያለውን ቁልፍ በዳበሳ ስፈልግ ድምፁን እስከ መጨረሻው ከፈትኩት። ከበታችን ያለው ጎረቤት እሑድ ጠዋት ደረጃ ላይ ሲያገኘኝ «እንዴት አደርክ?» ያለበትን ድምፅ አልረሳውም።

«ታዲያ ለምን ታያለህ?» ትለኝ ይሆናል። እውነት ነው፣ አፍራለሁ። ፊልም የሚጭንልኝ ልጅ «ምን ዓይነት ይሁን?» ሲለኝ «ልብ አንጠልጣይ» እለዋለሁ። «እንዴት ያለ ልብ አንጠልጣይ?» ሲል ግራና ቀኙን አይቼ «ያው… ሴትዮዋ ተንኮለኛ የሆነችበት» አልኩት። ወዲያው ገባው። ፍላሹ ላይ «አዳዲስ» ብሎ በሰየመው ማኅደር ውስጥ የጫነልኝ ሁሉ ከራሱ ዕድሜ የሚበልጥ ነው። ዝናብ ይዘንባል፤ ሳክስፎን ያለቅሳል፤ በመስኮቱ መሸፈኛ ሽንሽን መብራት ገብቶ የሴትየዋን ጉንጭ ይሸነትረዋል። ባልዋ ሀብታም ነው፤ እስከ ሠላሳኛው ደቂቃ ድረስ በሕይወት አይቆይም። ከዚያ «አትቅረባት» የተባለ መርማሪ ይመጣና ይቀርባታል።

ይህን ሁሉ አውቃለሁ፤ አውቄም እታለላለሁ። በዚህ ሰፈር በቀን ስንት ሰው ያለ ምንም ድካም ይዋሸኛል። የቧንቧ ሠራተኛው «መንገድ ላይ ነኝ» ይለኛል፤ ከኋላው የቤቱ ዶሮ ሲጮህ ይሰማኛል። እነዚህ ፊልሞች ግን እኔን ለመዋሸት ሁለት ሰዓት ሙሉ ይለፋሉ። ለፍቶ የዋሸኝን ሰው አከብረዋለሁ።

ደግሞ ሁሉም ተራ ነገር አይምሰልህ። እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1987 የወጣው «ፌታል አትራክሽን» ለ6 ኦስካር ታጭቷል። መጀመሪያ የተቀረጸለት መጨረሻ ሌላ ነበር፤ ውሽማዪቱ ራሷን ታጠፋለች፤ ሰውየው በነፍስ ግድያ ይወነጀላል። በሙከራ እንዲያዩት የተጠሩት ተመልካቾች አልወደዱትም። እንደገና ተቀረጸና ጥይቱን ሚስትየዋ ተኮሰች። ለእነዚያ ተመልካቾች ሲባል አንድ ፊልም መጨረሻው ተለወጠላቸው፤ እኔ ግን በአንተ ምክንያት ተለውጦ የመጣውን መጨረሻ እንኳ በሰላም አላየሁም።

ድሮ በዲሽ ስናይ ይሻል ነበር። የዐረብ ጣቢያዎች ራሳቸው ቆራርጠው ስለሚያቀርቡት ፍቅረኞቹ ከንፈር ለከንፈር ሊገናኙ ሲሉ አንዱ መኪና ውስጥ፣ ሌላዋ ፍርድ ቤት ትገኛለች። ለቤተሰብ ደግ ነው፤ ለታሪኩ ግን ዱብ ዕዳ። የእነዚህ ፊልሞች ምስጢር ያለው ትራስ ሥር ስለሆነ አልጋው ሲቆረጥ ገዳዩም አብሮ ይቆረጣል። ሆሊውድ ራሱ ከ1934 እስከ 1968 ድረስ መሳሳምን በልክ የሚያደርግ የሥነ ምግባር ደንብ ሲያስከብር ኖሯል። ያ ቢያንስ ተጽፎ የታወቀ ደንብ ነበር። የአንተን ደንብ የሚያውቀው ማን ነው?

ከሁሉ የከፋው በደልህ ግን የ1998ቱ «ዋይልድ ቲንግስ» ነው። ማን ማንን እንዳታለለ እየተገለባበጠ ሄዶ ሄዶ አለቀና የሠራተኞቹ ስም ዝርዝር መውጣት ጀመረ። ተጫንኩህ፤ ለመጀመሪያ ጊዜ በአንድ ጣት ታዘዝክ፣ ድርግም! ዋናው ምስጢር የሚገለጠው በስሞቹ መሐል ብቅ ጥልቅ በሚሉት ትዕይንቶች እንደሆነ ያወቅሁት ከሁለት ዓመት በኋላ ነው። ሁለት ዓመት ሙሉ ንጹሕ ሰው ስወነጅል ኖሬያለሁ።

እዚህ ድረስ ጽፌ ሳለ ውሃ መጣ።

ቱሉ ዲምቱ ላይ ውሃ መጣ ሲባል ደብዳቤ አይጨረስም። ጀሪካኖቹ የሚቀመጡት እማማ አልጋ ሥር ነው። እማማ ለለቅሶ ወጥተዋል። በ1992 የወጣው «ቤዚክ ኢንስቲንክት» የመጨረሻ ትዕይንት ትዝ ይልሃል? ሁለቱ አልጋ ላይ ናቸው፤ ካሜራው ቀስ እያለ ወደ ታች ይወርዳል፤ አልጋው ሥር የበረዶ መውጊያው ተጋድሟል። እኔም እንደ ካሜራው ዝቅ አልኩ። ከሁለተኛው ጀሪካን ጀርባ በመሐረብ ጫፍ የተቋጠረ ነገር ነበር። ሳንቲም መሰለኝ። ፈታሁት።

ሁለት ድንጋዮች ናቸው፤ ሐሙስ የገዛኋቸው።

ሳሎን ተመልሼ ፕላስተርህን ስፈታ ሆድህ ውስጥ ያገኘሁት ዝገቱ የወጣ፣ የባለፈው ዓመት የጥርሴ ምልክት ያለበት አሮጌ ድንጋይ ነው። ያን ጊዜ ሁሉም ነገር ልክ እንደ ፊልሞቹ ወደ ኋላ ተመልሶ ታየኝ። ለምን ዘወትር ከአንተ ጎን እንደሚቀመጡ። እሑድ ጠዋት ለመዝሙር እንዴት ነፍስ እንደምትዘራ። ነጠላ ስስ እንደሆነ፤ በእግዚአብሔር፣ እንዴት እስከ ዛሬ አላሰብኩትም? በነጋታው ሽንኩርት እየላጡ «ያቺ ብላቴና ኋላ ተያዘች ወይ?» የሚሉኝ ለወግ አልነበረም። ባለፈው ወር እኔ ሰውየውን ስጠረጥር እሳቸው ገና በሃያኛው ደቂቃ «ጠበቃው ነው» ብለው ነበር። ጠበቃው ነበር።

ስለዚህ ከላይ የዘረዘርኩትን ክስ አንሥቻለሁ፤ ከስሞቹ መሐል የቀረብኝ ጉዳይ ሲቀር። ድንጋዮቹን በመሐረቡ ጫፍ መልሼ ቋጥሬ፣ ከሁለተኛው ጀሪካን ጀርባ እንደነበሩ አስቀምጫለሁ። አሮጌዎቹንም በቦታቸው አስሬልሃለሁ። ዛሬ ቅዳሜ ነው፤ ከልጁ ዘንድ አዲስ አስጭኛለሁ። ሴትየዋ በሩን ስትዘጋ እንደ ደንቡ አነሣሃለሁ፤ አንተም እንደ ደንቡ ትሞታለህ። መዳፌ ላይ ስመታህ አትቀየም።

ግልባጭ፦
ለሶፋው
ለሁለተኛው ጀሪካን
(ለእማማ እንዳይደርስ)