ለልጄ አንድ የፊት ወንበር

ልጄ ዘንድሮ 9ኛ ክፍል ይገባል። እዚህ ጎንደር ከአዘዞ እስከ ፒያሳ የመንግሥት ትምህርት ቤቶችን ደጅ ጠናሁ። ኤዲኤችዲ (ትኩረት የመሰብሰብና ረግቶ የመቀመጥ ችግር) እንዳለበት ስናገር አንዱ ርዕሰ መምህር የሐኪሙን ወረቀት እንኳ ሳይገልጡ «ቆንጥጠው ቢያሳድጉት ኖሮ» አሉኝ።

ቅብጠት አይደለም! የአንጎል እድገት ጉዳይ ነው። ማታ ማታ አንዲት የሒሳብ ጥያቄ ይዞ፣ እርሳሱን እያኘከ፣ እንባው ደብተሩ ላይ ሲንጠባጠብ የማየው እኔ ነኝ። ሰነፍ ልጅ እንዲህ ያለቅሳል?

የጠየቅሁት ሕንፃ አይደለም፤ ከመስኮት የራቀ የፊት ወንበር፣ በአጭር በአጭሩ የሚነገር ትእዛዝ፣ ለፈተና ጥቂት ተጨማሪ ደቂቃ። ክፍሉ በተማሪ እንደታጨቀ አይቻለሁ፤ መምህሩም ሰው ነው። ግን የ1986ቱ የትምህርት ፖሊሲ ስለ ልዩ ፍላጎት ትምህርት ከጻፈ ከ30 ዓመት በላይ ሆኖታል። መስከረም ሊጠባ ነው፤ ልጄ እስካሁን የሚቀመጥበት የለውም።