ጠርሙሱን ያስያዝነው እኛ ነን

የሰሜን ሸዋ ወገኖቼ፣ ልጆቻችንን መራገማችን ይብቃ። በለቅሶ ድንኳን፣ በማኅበር፣ መናኸሪያ ተሰልፈን ሳይቀር «ይህን ትውልድ ጫትና መጠጥ በላው» እንላለን። ብዙ ጊዜ ይህን የምንለው መለኪያ ጨብጠን ነው።

ከራሴ ልጀምር። ልጄ ገና ዘጠኝ ዓመቱ ሳለ ባዶ ጠርሙስ አስይዤ ጎረቤት አረቄ ቤት እልከው ነበር፤ እንግዳ ሲመጣ፣ ሲበርደኝ፣ አንዳንዴም ያለ ምክንያት። አንድ ቀን ሲመለስ አፉ ሸተተኝ። መንገድ ላይ በቆርኪው እየቀዳ ቀምሶ ኖሯል። ሳቅሁ፤ እንግዶቼም «ወንድ ነው» ብለው ሳቁ። ያ ልጅ አሁን ሃያ ሁለት ዓመት ሆኖታል፤ ስለ እሱ ከዚህ በላይ አልጽፍም። በኋላ እንደተረዳሁት መጠጥ የሚቀመስበት ዕድሜ ባነሰ ቁጥር ሱስ የመሆን ዕድሉ ይጨምራል። ፍላጎትን የሚገታው የአንጎል ክፍል እስከ ሃያዎቹ አጋማሽ ድረስ ገና እየበሰለ ነው። ልጁን የላክሁት ልጓሙ ሳይሠራለት ነበር።

«ለብርድ ነው» የምትለዋንም ሰበብ እንተዋት። ደብረ ብርሃን ከባሕር ጠለል በላይ ከ2,700 ሜትር ከፍታ በላይ ላይ የተቀመጠች ከተማ ናት፤ የመንዝን ውርጭም ለመንዝ ሰው አልነግረውም። ነገር ግን አረቄ አያሞቅም። ከቆዳ ሥር ያሉትን የደም ሥሮች ያሰፋና የውስጡን ሙቀት ወደ ውጭ ያስወጣዋል፤ ፊት ሲግል ገላ ይበርዳል። ሰክሮ ደጅ ያደረ ሰው ውርጭ የሚገድለውም በዚህ ነው። ለብርድ ጋቢና የገብስ ገንፎ አለን።

አረቄ አውጥታ ልጆቿን የምታስተምረውን እናት አልወቅስም። ጌሾ ወቅጣ፣ እሳት ላይ አድራ የምታገኘው ገንዘብ ደብተርና ዩኒፎርም ይገዛል። የምወቅሰው ደብተር የያዘ ልጅ ገብቶ ሲቀመጥ ዝም ብሎ የሚቀዳለትን ነው። አዋጅ ቁጥር 1112/2011 ዕድሜው 21 ዓመት ላልሞላው ሰው መጠጥም ሲጋራም እንዳይሸጥ ይከለክላል። ሕጉ ከወጣ ዓመታት አልፈዋል፤ በየሰፈራችን ግን ስንቱ ሻጭ ነው ዕድሜ የሚጠይቀው? ከእኛስ መካከል «ለምን ሸጥህለት?» ያለ ማን አለ?

ጫቱም ያው ነው። ካቲኖን የሚባለው የሚያነቃው ንጥረ ነገር ቅጠሉ ሲደርቅ ስለሚቀንስ ጫት የሚጭን መኪና እንደዚያ ይበራል። ልጆቹ «ለጥናት ነው» ብለው ይጀምራሉ። ምርቃናው እንቅልፍ ይነሳል፣ ያንን ለመስበር ጨብሲ የሚሉት መጠጥ ይመጣል፣ ከጨብሲው ጋር ሲጋራ ይከተላል፤ አንዱ ለሌላው በር ይከፍታል። «ሳይቃጠል በቅጠል» ይሉ የነበሩት አባቶቻችን ቅጠሉ ራሱ እሳት የሚሆንበት ቀን ይመጣል ብለው አላሰቡም።

ይህ ሁሉ የልጆቹ ስንፍና ብቻ እንዳይመስላችሁ። በ2015 ዓ.ም. የ12ኛ ክፍል ፈተና በአገር ደረጃ ግማሽና ከዚያ በላይ ያመጡት ከመቶ ሦስት ያህል ብቻ ነበሩ። የቀሩት የት ሄዱ? ብዙዎቹ እኛው ደጅ፣ ድንጋይ ላይ ተቀምጠዋል፤ ቤት ሲገቡም የምናቀርብላቸው ስድብ ነው። በ2013 ዓ.ም. አጣዬ ስትቃጠል ያዩ ልጆች አሉን። ተፈናቅለው በመጠለያ ያደጉ አሉ። ትምህርት ቤታቸው የተዘጋባቸው አሉ። ሌሊት የሚያባንን ነገር ያለበት ልጅ እንቅልፍ ከመለኪያ ቢፈልግ ይገርማል?

መከላከያው ምን መሰላችሁ? ምክር አይደለም፤ ምክርማ ሞልቶናል። ማታ አብሮ እራት የሚበላበት ቤት ነው፤ የት እንዳመሸ የሚጠይቀው፣ መልሱንም ሳይጮህ የሚሰማ ሰው ነው። ሰንበት ትምህርት ቤትም ሆነ መድረሳ ልጅን የሚጠብቀው በስብከቱ ብቻ አይመስለኝም፤ ሲቀር «የት ጠፋህ?» የሚለው ሰው ስላለ ጭምር ነው። የኳስ ሜዳም ያንኑ ያደርጋል፤ እኛ ግን ሜዳውን ለግንባታ ሸንሽነን ጨርሰነዋል። እንጨት ሥራ ወይም ብየዳ የሚያለማምድ ባለሙያ የመቃሚያ ቤቱን ሰዓት ይሻማዋል። አንድ እንኳ የሚያምነው ትልቅ ሰው ያለው ልጅ ቢወድቅ የሚይዘው አለ።

ሱስ ውስጥ የገባውን ደግሞ መጠጥ እንዲተው ብላችሁ በገመድ አትሰሩት። ብዙ ይጠጣ የነበረ ሰው በአንድ ጊዜ ሲያቆም ሊንቀጠቀጥ፣ ሊቃዥ፣ ሊያንዘፈዝፈው ይችላል፤ ሕይወቱ የሚያልፍበት ጊዜም አለ። ጻድቃኔ ማርያም ጸበል ውሰዱት፤ እኔም ወስጃለሁ። ግን አስቀድሞ ሐኪም ይየው፣ የሐኪሙንም መድኃኒት አታስጥሉት።

በመጨረሻ የእድራችን ነገር። ለቅሶ ያልደረሰ ይቀጣል፣ ድንኳን ሲተከል የቀረ ይቀጣል፣ መዋጮ ያዘገየ ይቀጣል። ለአሥራ አምስት ዓመት ልጅ አረቄ የሸጠ አባል ግን በመተዳደሪያ ደንባችን ቅጣት የለበትም፤ ልጁ ሲሞት እሱም ድንኳን ተካይ ሆኖ ይመጣል። ይህ እንዲሻሻል በሚቀጥለው ስብሰባ አጀንዳ አስይዣለሁ። ጸሐፊው «ማን ይደግፍሃል?» ብሎኛል። ስሜን ብቻ ጽፎ ከሥሩ ያለውን መስመር ባዶ ትቶታል።