ጉሮሮው አንቴና ለሆነ ሰው

ኔትወርክ በተቆራረጠ ቁጥር ድምፁን ከፍ የሚያደርገውን ወገናችንን እስካሁን ማን አመሰገነው? ማንም። እኔ ልጀምር።

«ሃሎ! ይሰማል?» ይላል። አይሰማም። «ሃሎ!!!» አሁን ጎረቤት ሰማ። ስልክ ድምፃችንን ወደ ቁጥር ቀይሮ በሬዲዮ ሞገድ ነው የሚልከው፤ ብንጮኽም ብናንሾካሹክም ሞገዱ አይጠነክርም ይላሉ መሐንዲሶቹ። እነሱ ምን ያውቃሉ! እሱ ታወሩ ድረስ በጉሮሮው ሊደርስ ቆርጦ ተነስቷል።

በነገራችን ላይ ስልኩም አብሮት እየጮኸ ነው፤ በጨዋ ደንብ ግን። ታወሩ ሲርቅበት ወይም ግድግዳ ሲበዛበት የሚልክበትን ኃይል ይጨምራል። በ4ጂ ጣሪያው አብዛኛውን ጊዜ 0.2 ዋት ገደማ ነው። እዚያ ሲደርስ ያበቃል፣ ባትሪውን መጨረስ ነው የሚቀረው። ጀግናችን ጣሪያ የለውም።

ቦታ አመራረጡስ! ወሬው ሲሞቅ ሊፍት ውስጥ ይገባል። ዙሪያው ብረት ነው፤ ሞገድ ደግሞ ብረት ሰብሮ አያልፍም። በሩ ግጥም ሲል፦ «አንተ፣ የት ገብተህ ነው? ድምፅህ ይቆራረጣል እኮ!» ጥፋተኛው ምንጊዜም የወዲያኛው ሰውዬ ነው።

አንዳንዴማ ሳያውቀው ሳይንስ ይሠራል። ከየግድግዳው እየተላተሙ የሚመጡ ሞገዶች አንዱ ሌላውን ሊያጠፋው ይችላል። ስለዚህ የሞተው ኔትወርክ ትንሽ ፈቀቅ ሲሉ ነፍስ ይዘራል። አንዳንዱ የስልክ ኔትወርክ በሚሠራበት በ900 ሜጋኸርዝ ድግግሞሽ የአንዱ ሞገድ ርዝመት 33 ሴንቲሜትር ያህል ስለሆነ ግማሽ እርምጃ እንኳ ለውጥ ያመጣል። ጀግናችን ስልኩን ሽቅብ ሲያነሳ፣ ሲያዞር፣ ይቺን ቦታ አገኛት! ታዲያ እዚያችው ይቆማል? ምን በወጣው! ደስ ብሎት ወዲያ ወዲህ ይንጎራደድ ጀመር።

ትናንት አንዱን ደረጃ ላይ አገኘሁት። ጣቱን በአንድ ጆሮው ወትፎ፣ ፊቱን ወደ ግድግዳው አዙሮ፣ «ሚስጥር ነው! ሚ-ስ-ጥ-ር! ለማንም እንዳትነግር!» ይላል። ከማን እንደተበደረ፣ ምን ያህል እንደተበደረ፣ የመመለስም ሐሳብ እንደሌለው አንድ በአንድ ዘረዘረ። የላዩም የታቹም ፎቅ ጸጥ ብሎ አዳመጠ። ሲጨርስ ስልኩን አየት አደረገ። ተቋርጧል። መልሶ ደወለ።

«የቱ ጋ ነው የተቋረጠብህ? እሺ፣ በቃ ከመጀመሪያው ልንገርህ!»