ሁሌ ሊነጋ ሲል አይደለም የሚጨልመው

«ሊነጋ ሲል ይጨልማል» የምትባለዋን አባባል አልወዳትም። ለማጽናናት እንደሆነ ይገባኛል፣ እኔ ራሴም ቃል ሲያጥረኝ ብያታለሁ። ችግሯ ግን ንጋቱን ጨለማው ራሱ የሚያመጣልን፣ የኛ ሥራ ቁጭ ብሎ መጠበቅ ብቻ የሆነ ታስመስላለች። ደግሞም ሁሌ እውነት አይደለችም። አንዳንዴ ይጨልምና ከሱ የባሰ ጨለማ ይከተላል። ሱዳንን እዩ። በ2019 (ዓመቶቹን ሁሉ በፈረንጅ ነው የምጽፈው) ኦማር አል በሽር ከ30 ዓመት በኋላ ከሥልጣን ሲወርዱ አደባባይ የወጣው ሕዝብ ነጋ ብሎ ነበር። በ2021 መፈንቅለ መንግሥት መጣ። በ2023 ደግሞ ሁለት ጄኔራሎች ተጣሉና አገሪቱ የጦር ሜዳ ሆነች።

ታዲያ ጨለምተኞቹ ልክ ናቸው? እነሱንም አላምናቸውም። «ምንም አይለወጥም» የሚል ሰው የበሰለ ይመስላል፣ ሁሉን አይቶ የጨረሰ ይመስላል፤ የተናገረው ግን ያው ትንበያ ነው፣ ትንበያ ደግሞ ይሳሳታል። በጥር 1989 የምሥራቅ ጀርመኑ መሪ ኤሪክ ሆኔከር የበርሊን ግንብ 50 ዓመትም 100 ዓመትም ይቆማል አሉ። 10 ወር ሳይሞላ ተከፈተ። የሚገርመኝ የሳቸው መሳሳት አይደለም። ግንቡን አምርረው ይጠሉ ከነበሩት መካከልም ስንቱ «በዕድሜዬ አላየውም» ብሎ ተቀምጦ ነበር።

አማርኛችን ላይ አንድ ነገር ልብ በሉ። ተስፋ ጠፋኝ ከማለት ይልቅ ተስፋ ቆረጥኩ ነው የምንለው። ቆራጭ አለው ማለት ነው። (መቀሱን የሚያቀብሉን ብዙ ጊዜ ፖለቲከኞች ናቸው፣ ያውም «ብሩህ ተስፋ» እያሉ። እሱን ሌላ ቀን።)

ሳይቆርጡ የኖሩ ሰዎች ሲነሱ እኔ ቶሎ ትዝ የሚሉኝ የአርጀንቲና እናቶች ናቸው። በ1976 ወታደሮች ሥልጣን ያዙና ሰው ከቤቱ እየታፈነ ይሰወር ጀመር። የመብት ድርጅቶች ቁጥሩን 30,000 ይሉታል። በሚያዝያ 1977፣ 14 እናቶች «ልጆቻችን የት ናቸው?» ብለው ቦነስ አይረስ፣ ከቤተ መንግሥቱ ፊት ካለው የማዮ አደባባይ ተገኙ። ፖሊስ ተሰብስቦ መቆም ክልክል ነው፣ ተንቀሳቀሱ አላቸው። ተንቀሳቀሱ። ሁለት ሁለት ሆነው፣ ክንድ ለክንድ ተያይዘው አደባባዩን ይዞሩት ጀመር፤ ከዚያም በየሐሙሱ። አገዛዙ «እብዶቹ» ይላቸው ነበር። በዚያው ዓመት ታኅሣሥ ከመሥራቾቹ ሦስቱ ራሳቸው ታፍነው ተወሰዱ። የአንዷ፣ የአሱሴና ቪያፍሎር አፅም የእሷ መሆኑ የተረጋገጠው በ2005 ነው። የቀሩት ግን መዞሩን አልተዉም።

ከነሱ መሃል አያት የሆኑት ደግሞ ሌላ ፍለጋ ጀመሩ። ሴቶች እስር ላይ ሆነው የወለዷቸው ልጆች ተወስደው ለወታደር ቤተሰቦችና ለሌሎች ተሰጥተው ነበር። ወላጅ በሌለበት አንድ ልጅ የማን እንደሆነ በምን ይታወቃል? አያቶቹ ይህን ጥያቄ ይዘው የሳይንቲስቶችን በር አንኳኩ። ከአያት ደም ዝምድናን የሚለይ የዘረ መል ምርመራ ተሠራላቸው፣ በ1987 ደግሞ የዘረ መል መረጃ ባንክ በሕግ ተቋቋመ። እስካሁን ከ130 በላይ የልጅ ልጆች ተገኝተዋል፣ ብዙዎቹ ጎልማሳ ከሆኑ በኋላ። ወታደሮቹ ከወረዱ ከ40 ዓመት በላይ ሆኗቸዋል፣ ፍለጋው ግን አላበቃም።

የተስፋ ጭላንጭል የምለው እንዲህ ያለውን ነው፤ አዲስ መሪ መጣ ተብሎ የሚጨፈረውን አይደለም።

ወደ ሱዳን ልመለስ። በ2019 ሰልፉን ያስተባብሩ የነበሩት የሰፈር ኮሚቴዎች ጦርነቱ ሲመጣ ብዙዎቹ አልተበተኑም። በየሰፈሩ የአስቸኳይ ምላሽ ክፍል የሚባለውን አቋቋሙ። የጋራ ወጥ ቤት ከፍተው ያበስላሉ፣ መድኃኒት ያፈላልጋሉ፣ ሰው ከተኩስ መሃል ያወጣሉ። በዚህ ሥራ የታሰሩ አሉ፣ የተገደሉም አሉ። «ይሄማ ምጽዋት እንጂ ፖለቲካ አይደለም» የሚል አይጠፋም። እኔ ግን ዛሬ እዚያ አገር መንግሥት የሚመስል ነገር ፈልግ ብባል ከነዚህ ልጆች ሌላ አይታየኝም። ወጥ ቤቶቹ ገንዘብ ሲያልቅ ይዘጋሉ። ውጭ ያሉ ሱዳናውያን በስልክ ሲልኩላቸው እንደገና ይከፈታሉ።