ስልኩን ማን ይመዝግበው?

ክርክሩን ያስነሳው ቴሌቪዥኑ ነው። ደሴ ፒያሳ፣ የጦሳ ጉም እስከ መስኮቱ በወረደበት ከሰዓት በኋላ፣ አንድ የሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት ቋሚ ኮሚቴ የፌዴራል ሥነ ምግባርና ፀረ ሙስና ኮሚሽንን የ9 ወር ሪፖርት ሲያዳምጥ ይታያል። አቦል እየተቀዳ ነበር። ከጀበናው ዙሪያ የተከራከሩት ሦስት ናቸው፤ ጡረታ የወጡ ኦዲተር፣ ከኮምቦልቻ የመጣች ጠበቃ እና ሰኞ ገበያ ጨርቅ የሚሸጡ ሐጂ።

«ስንት ጥቆማ ደረሳችሁ፣ ስንት ሚሊዮን ብር አዳናችሁ፣ ስንት ሰው አሠለጠናችሁ» አሉ ሐጂ የኮሚቴውን ድምፅ እያስመሰሉ። «ይኸው ነው። ሹሙ መርማሪው ዘንድ ደውሎ ‹ያቺን ነገር ለጊዜው ቆይ በላት› ብሎትስ እንደሆን? እሱን የጠየቀ አለ?»

«የመጠየቁ ሥልጣንማ አለ፣ ሐጂ» አለች ጠበቃዋ። «ሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 55 ንኡስ አንቀጽ 17። ምክር ቤቱ ጠቅላይ ሚኒስትሩንም ሌሎች የፌዴራል ባለሥልጣናትንም ጠርቶ ይጠይቃል፣ የሕግ አስፈፃሚውን አሠራር ይመረምራል። የፀረ ሙስና ኮሚሽኑም ተጠሪነቱ ለዚያው ምክር ቤት ሆኗል።»

«ኮሚሽኑስ ሆኗል» አሉ ኦዲተሩ ሲኒያቸውን አስቀምጠው። «የምርመራው መዝገብ የት ነው ያለው፣ ልጄ?»

የክርክሩ አንጓ ይህ ነበርና ትንሽ ልቆይበት። ኮሚሽኑ በ1993 በአዋጅ ቁጥር 235 ሲቋቋም ይመረምርም ይከስስም ነበር፤ ተጠሪነቱ ግን ለጠቅላይ ሚኒስትሩ ነበር። በ2008 ምርመራው ወደ ፌዴራል ፖሊስ፣ ክሱ በአዋጅ ቁጥር 943 ወደተቋቋመው ጠቅላይ ዐቃቤ ሕግ ሄደ፤ ያ መሥሪያ ቤት ዛሬ ፍትሕ ሚኒስቴር ነው። ለኮሚሽኑ በዋናነት የቀረው ማስተማር፣ መከላከልና የሹማምንትን ሀብት መመዝገብ ነው። ኦዲተሩ ባጭሩ ቋጩት፦ «ጥርስ በነበረው ጊዜ ባለቤቱ ሌላ ነበር፤ ለምክር ቤቱ ሲሰጥ ጥርሱ ወልቆ ነው።» በዚያ ላይ በኅዳር 2015 ጠቅላይ ሚኒስትሩ 7 አባላት ያሉት ብሔራዊ የፀረ ሙስና ኮሚቴ አቋቋሙ። ኮሚሽነሩ ከአባላቱ አንዱ ነበሩ፤ ሰብሳቢው ግን የደኅንነቱ መሥሪያ ቤት ኃላፊ ነበሩ።

ሐጂ ስለ ስልክ ደጋግመው ሲያነሱ ጠበቃዋ ሳቀች። ስልክ የሚደውለው ሥራውን የማያውቅ ሹም ነው አለች። የሚያውቀው መርማሪውን ለሥልጠና ይልከዋል፤ ወይም ቡድኑን «መልሶ ያደራጃል»፤ ወይም መኪናው ለሌላ ሥራ ይፈለግና ማስረጃው ያለበት ወረዳ ሳይደረስ ወር ያልፋል። አዲስ መርማሪ 400 ገጽ መዝገብ ከዜሮ ያነባል። ምስክር ይሰላቻል፣ የሒሳብ ሰነድ ይጠፋል፣ መጨረሻ ላይ «በማስረጃ አለመሟላት» ይዘጋል። በወረቀት ላይ ያዘዘ ሰው የለም።

«ከዚያም ሕጋዊው መንገድ አለ» ብላ ቀጠለች። በአዋጅ 943 መሠረት ጠቅላይ ዐቃቤ ሕጉ ለሕዝብ ጥቅም ሲባል ምርመራ እንዲቋረጥ ማድረግ ይችላል። የ1954ቱ የወንጀለኛ መቅጫ ሥነ ሥርዓት ሕግም አንቀጽ 42 ላይ ለሕዝብ ጥቅም ሲባል ክስ እንዳይመሠረት በሚኒስትሩ ፊርማ የማዘዝ በር ነበረው። በሩ በራሱ ጥፋት አይደለም፤ የትም አገር አለ። ጥያቄው በዓመት ስንት ሰው አለፈበት የሚለው ነው።

«እንግዲያው ምክር ቤቱ ይግባበታ!» አሉ ሐጂ።

ኦዲተሩ እጃቸውን አወዛወዙ። በ1993 የቀድሞው መከላከያ ሚኒስትር ስዬ አብርሃ በሙስና ተጠርጥረው ሲታሰሩ ዳኛ ብርቱካን ሚደቅሳ በዋስ ይለቀቁ አለች፤ ከፍርድ ቤት እንደወጡ መልሰው ያዟቸው። ብዙም ሳይቆይ ያው ምክር ቤት በአዋጅ ቁጥር 239 በሙስና የተጠረጠረ ዋስ እንዳይኖረው አደረገ። «ግፊቱ ከምክር ቤቱ አዳራሽ ሲመጣ ተቆጣጣሪው ማን ነው?» ዩክሬንም እንዲሁ ነው አሉ፦ ሐምሌ 15 ቀን 2017 ፓርላማው የፀረ ሙስና መርማሪዎቹን በጠቅላይ ዐቃቤ ሕጉ ሥር የሚያደርግ ሕግ አወጣ፤ ሕዝቡ አደባባይ ወጣ፤ ሐምሌ 24 በ331 ድምፅ ራሱ ሻረው። 9 ቀን ብቻ!

ቀጥለውም ሒሳብ ሠሩ፤ የሙያ ነገር ሆኖ። አንቀጽ 55 ንኡስ አንቀጽ 18 ከአባላቱ አንድ ሦስተኛው ከጠየቁ ምክር ቤቱ በአስፈፃሚው ሥልጣን ጉዳይ ይወያያል ይላል። በሰኔ 2013ቱ ምርጫ ውጤታቸው ከተገለጸው 436 መቀመጫዎች 410ሩን የወሰደው ገዢው ፓርቲ ነው። የቀሩት 26 ነበሩ፤ የ436ን አንድ ሦስተኛ ለመሙላት ደግሞ 146 ያስፈልጋል። «ስለዚህ ጥያቄው ከፓርቲው ውስጥ ካልተነሳ አይነሳም።»

ጠበቃዋ ደቡብ አፍሪካን አመጣች። በ2008 መጨረሻ፣ በእነሱ አቆጣጠር መስከረም 2016፣ የሕገ መንግሥት ፍርድ ቤታቸው ፖሊስን የሚመረምረውን ተቋም ዳይሬክተር የፖሊስ ሚኒስትሩ በራሱ ፈቃድ ሊያግደው አይችልም ብሎ ወሰነ፤ ለማንሳት የፓርላማው ሁለት ሦስተኛ ድምፅ እንዲያስፈልግ አደረገ። «እዚያም ገዢ ፓርቲ ነበር፣ ጋሼ። ሰውየውን ያዳነው የድምፁ ቁጥር ነው።»

ቶናው ሲመጣ ሐጂ አንድ ሐሳብ ጣሉ፦ እያንዳንዱ መርማሪ ደብተር ይያዝ፣ የደወለለትን ሁሉ ይጻፍ፣ የምክር ቤት አባል በፈለገ ጊዜ መጥቶ ያንብብ።

እኔ ግማሹን እቀበላለሁ። የምክር ቤት አባል የተከፈተ መዝገብ ላንብብ ካለ ደዋዩ እሱ ራሱ ሆነ ማለት ነው፤ ተጠርጣሪው የእሱ ምርጫ ክልል ሰው ሲሆን ደግሞ አስቡት። ኮሚቴው መጠየቅ ያለበት ስም ሳይሆን ቁጥርና ቀን ነው፤ ለኮሚሽኑም ሳይሆን መዝገቡን ለያዙት ለፍትሕ ሚኒስቴርና ለፌዴራል ፖሊስ። በዓመቱ ለሕዝብ ጥቅም ሲባል ስንት ምርመራ ቆመ? ሳያልቅ መርማሪው የተቀየረበት መዝገብ ስንት ነው፣ የተቀየረው በየትኛው ቀን ነው፣ የተዘጋውስ? ሰኞ ተቀይሮ ሐሙስ የተዘጋ መዝገብ ስልኩ ባይሰማም ይናገራል። የተዘጉትን ደግሞ በዝግ ስብሰባ ከነሙሉ ሰነዳቸው ማየት ይቻላል። ይህን ለመጠየቅ 146 ፊርማ አይጠበቅም፤ የማንኛውም ቋሚ ኮሚቴ የዕለት ሥራ ነው። በዋና ኦዲተር ሪፖርት ላይ የሚደረገው ይፋዊ መድረክ የሚሞቀው ግኝቱ አስቀድሞ በወረቀት ስለሚደርስ ነው፤ እዚህ ግን ኮሚቴው ባዶ እጁን ይገባል፣ በቡድን ፎቶ ይወጣል።

ደብተሩን በተመለከተ፣ ብቻውን የሚጽፍ መርማሪ ነገ ብቻውን ይዛወራል። ከደብተሩ የሚሻል ነገር የቢሮ ሰው ሁሉ ያውቃል፦ በቃል ትእዛዝ ሲሰጥህ በዚያው ቀን «በዛሬው ዕለት በቃል በሰጡኝ ትእዛዝ መሠረት የመዝገቡ ሥራ እንዲቆይ አድርጌያለሁ» ብሎ ለአዛዡ ደብዳቤ መጻፍ፣ ቁጥርና ማኅተም ማስመታት፣ ግልባጩን ከመዝገቡ ጋር ማሰር። በመርማሪው ጀግንነት ከተተወ ግን አይሠራም፤ ሳይጽፍ የቀረው የሚጠየቅበት መመሪያ ይሁን። ያን ጊዜ አብዛኛው የቃል ትእዛዝ ደብዳቤው ገና አዛዡ ዘንድ ሳይደርስ ይሰረዛል። ሐጂ ይህን ሲሰሙ «የኛ ሹም ደብዳቤ ሲያይ ነው የሚታመመው» አሉ፣ በረካውም ተቀዳ።