ይድረስ ለክብርት ወይዘሮ «ትንሽ ነገር ብቻ»

እንደምን ከርመዋል፣ እሜቴ? እኛ ደሴዎች ከናፍቆትዎ በስተቀር ደህና ነን። ናፍቆቱም አልጠናብንም፤ ትናንት መጥተዋልና።

ትናንት ሰባት ወር የደከምንበትን የ11 ደቂቃ አኒሜሽን ለአሠሪያችን አሳየን። ጀግናችን ከጦሳ ተራራ ጫፍ ተወርውሮ ይነሳል፣ ካባው ይውለበለባል፣ «አትፍሩ!» ይላል። ሰውየው ከልቡ አጨበጨበ። እኔ ሞኙም ፈገግ አልኩ። ይሄኔ እርስዎ ከአፉ ዱብ አሉ፦ «ግሩም ነው! ትንሽ ነገር ብቻ፤ ካባው ጋቢ ይሁን። ደግሞ ወሎዬ አይደል? ‹አብሽሩ› ይበል እንጂ!»

በ«አብሽሩ» እውነቱን ነው፤ ይበልጥ ያናደደኝም እሱ ነው። ግን ድምፁ የተቀረጸው ከሥዕሉ በፊት ነው፤ አፉ የተሳለው ድምፁን ተከትሎ ነው። «ፍ» ሲል ጥርሱ የታች ከንፈሩን ነከስ ያደርጋል፤ «ብ» ሲል ከንፈሩ ግጥም ይላል። ጋቢውማ ተዉት! በሰከንድ 24 ምስል ያልፋል፤ ቆጥበን አንዱን ሥዕል ሁለት ጊዜ ብናሳየው እንኳ 12 ሥዕል ይፈልጋል። ካባው የሚታየው 4 ደቂቃ ነው፤ 2,880 ሥዕል ማለት ነው። ካባ ደግሞ ከኋላ ይንሳፈፋል እንጂ ክንድ አይሸፍንም። ጋቢ የተከናነበ ጀግና ግን ቡጢ ከመሰንዘሩ በፊት እጁን ፈልጎ ማውጣት አለበት፤ እስከዚያ ሌባው ኮምቦልቻ ይደርሳል።

ይህን ሳስረዳው «ኮምፒውተሩ አይደል እንዴ የሚሠራው?» አለኝ። በልጆቹ ፊት።

ኮምፒውተሩ አይደለም! ቀለም የምትቀባው ልጅ ናት። አረፋን እንኳ ሐይቅ እናቷ ዘንድ አልሄደችም፤ ዓይኗ ደም መስሎ እዚሁ አሳለፈችው። ፊልሙ አስቀድሞ በሥዕል የተነደፈበት ስቶሪቦርድ ላይ ካባው ከመጀመሪያው ገጽ ጀምሮ ተስሏል። ሰውየው አይቶ ፈርሞበታል፤ ፊርማው ራሱ ያረፈው ካባው ጫፍ ላይ ነው! ቀሪው ክፍያ ግን አንቺ ካልተሸኘሽ አይለቀቅም። አዎ፣ አንቺ ብዬሻለሁ።

ቀበሌ ያገኘሁሽ ቀን ጉርድ ፎቶ ነበርሽ። ልብስ ሰፊዬ ዘንድ ደግሞ አንዲት ቁልፍ፤ ሱሪውን ያሰፋሁት ለወንድሜ ሠርግ ነበር፣ ወንድሜ አሁን የሁለት ልጆች አባት ነው። እነዚያን ይቅር ብዬሻለሁ።

አሁን ለዚያችው ልጅ እየደወልኩ ነው። ይጠራል። ምን ብዬ እንደምጀምር ሳስብ፣ አፌ ላይ የመጣሽው አንቺው ነሽ።