ክርክር፦ ጠንካራና ቻይ አንድ ነው? አዳማንቲየም ወይስ ቫይብራኒየም (ሁለቱም በማርቭል ኮሚክ፣ ማለትም በስዕል ታሪክ፣ ውስጥ ያሉ የፈጠራ ብረቶች ናቸው)

የአንኮበሩ፦ ያልተሰበረ ብረት ጠንካራም ነው ቻይም ነው፣ ሁለት ስም ምን ያደርግለታል። አዳማንቲየም እ.ኤ.አ. በ1969 አቬንጀርስ ኮሚክ ላይ ሲመጣ ጀምሮ ነገሩ ግልፅ ነው፣ ቀልጦ እያለ ስምንት ደቂቃ አካባቢ ነው ያለህ፣ በዛች ጊዜ ካልቀረፅከው አለቀ፣ ከረጋ በኋላ ማንም አይነካካውም። የኮሚክ ጀግናው የዎልቨሪን አጥንት በሱ ተለብጦ ስንት ዱላ ቀመሰ፣ መች ተሰነጠቀ?

የደብረ ብርሃኑ፦ ወንድሜ እኔ ብየዳ ቤት ነው የምውለው፣ ይሄን በእጄ ነው የማውቀው። ባለፈው ሳምንት አዲስ ሞረድ ከጠረጴዛ ወድቆ ሲሚንቶው ላይ ለሁለት ተሰበረ፣ ያ ሞረድ እኮ ጠዋት ሙሉ የበር ብረት ሲበላ ውሎ ጥርሱ እንኳን አልደነዘዘም። አጠገቡ የነበረውን ፌሮ ደግሞ በመዶሻ ብትወቅጠው ይታጠፋል እንጂ አይሰበርም፣ ሞረዱ ግን ፌሮውን ይልገዋል። እና የቱ ነው ጠንካራ የቱ ነው ቻይ? የዎልቨሪን አጥንት አልተሰነጠቀም እሺ፣ ሰውየውስ? ዱላው አጥንቱን ትቶ ስጋው ላይ ነው የሚያርፈው፣ ቁስሉ ቶሎ ባይሽርለት አልቆለት ነበር። ቫይብራኒየም ምቱን ራሱን ይውጠዋል፣ ቫይብራኒየም ያለበት ጋሻ የሚይዘው ሌላው ጀግና፣ የካፒቴን አሜሪካ ክንድ ጋሻው ስር ያልደቀቀው ለዛ ነው። ቻይ ማለት ይሄ ነው።

የአንኮበሩ፦ ጋሻው ንፁህ ቫይብራኒየም አይደለማ! ከብረት ጋር በአጋጣሚ የተዋሀደ ነው፣ አዳማንቲየምም የተገኘው ያንን ለመድገም ሲሞከር ነው። ንፁሁ ደግሞ የሚውጠው ልክ አለው፣ ካለፈ ይፈነዳል፣ ሲሞላበት የሚፈነዳ ነገር እንዴት ቻይ ይባላል? አባቴ በየዓመቱ ክረምት ሳይገባ ማረሻውን አንጥረኛ ጋ ይወስዳል፣ በወናፍ አግሎ ይስልለታል፣ በተሳለ ቁጥር ያጥራል፣ አሁን ስንዝር ብትሞላ ነው። አዳማንቲየም ቢሆን ለልጅ ልጄ በደረሰ።

የደብረ ብርሃኑ፦ ያጥራል ግን ድንጋይ ላይ አልተሰበረም እኮ፣ እሱን አላየኸውም! እኔ የማውቀው አንጥረኛ አግሎ ጫፉን ብቻ ነው ውሃ ውስጥ የሚነክረው፣ ጫፉ ይጠነክራል ወገቡ ለስለስ እንዳለ ይቀራል፣ ሁሉንም ቢያጠነክረው እንደኔ ሞረድ ነበር የሚሆነው። ሁለቱ የተለያየ ነገር መሆኑን እሱ ኮሚክ ሳያነብ ያውቀዋል። ደግሞ በኮሚኩ አንታርክቲካ የሚገኘው ሌላው የቫይብራኒየም ዓይነት ያንተን አዳማንቲየም ራሱን እንደሚያሟሟው ረሳኸው?

የአንኮበሩ፦ አልረሳሁም፣ ግን ማሟሟት መስበር አይደለም፣ በጉልበት ያሸነፈው አታምጣብኝ። ስለ ማረሻው ወገብ ያልከው ግን ልክ ነህ፣ ነገ አባቴን እጠይቀዋለሁ። እሺ ቻይነቱን ለቫይብራኒየም ውሰድ፣ ስጋ ለሚሸፈንበት ጋሻ ይሁን። አጥንት ላይ ግን አዳማንቲየምን አልለቅልህም።